አፈ ንጉሥ ጉልላት ዝም ያለ ዕለት

በዚያ ዱር አንበሳው ያገሳል እንጂ ለተገዢ አይናገርም፤ የሚናገርለት ዝንጀሮው ጉልላት ነበር። ሹመቱም አፈ ንጉሥ ነው። አንበሳው አንዴ ካስነጠሰ ጉልላት አዋጅ አድርጎ ሦስት ቀን ያብራራዋል፤ ካዛጋም «ንጉሣችን ለእናንተ ሲያስቡ እንቅልፍ አጡ» ይላል። ውዳሴ ጀምሮ እስኪጨርስ ያልተጸነሰ ጥጃ ተወልዶ ይቦርቃል አሉ።

አንድ ቀን አንበሳው የሚዳቋዋን፣ የእመት ዘርፌን ግልገል በላ። ጉልላትም ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ «ልጅቱ ንጉሡን ስለ ሰደበች ተቀጣች» ብሎ አወጀ። ልጅቱ እንኳን ስድብ፣ እናቷን መጥራትም ገና አልጀመረችም ነበር።

ሣር በሊታው ሁሉ አደመ። «ዕርቅ ካልወረደ ዛሬውኑ ወንዙን ተሻግረን እንሄዳለን!» አለ። አንበሳው ሆዱ ባባ፤ ያባባው ግን የሟቿ ነገር ሳይሆን የነገ ምሳው ነበር።

የዱሩ ወግ እንዲህ ነው፦ በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ተበዳይ «አውርድ» እስኪለው ትንፍሽ አይልም። አንበሳው ግን «ጎፈሬዬ ይበላሻል» አለና ጉልላትን ላከ። «አስታርቀኝ። ካልሆነልህ እራቴ አንተ ነህ።»

ጉልላት ጠጠር የምታህል ድንጋይ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጉባኤው ፊት ቆመ፤ አንበሳው ከዳር ተጋድሞ ያያል። ዝም ማለት መች ያውቅበታል!

«እመት ዘርፌ፣ እንዲህ ያለ ጌታ ይቅርታ ሲልክብዎ፣ ዕድልዎ ምንኛ የሰመረ ነው!»

ሽማግሌው ኤሊ አንገቱን አወጣ። «አንተ ልጅ፣ የመጣኸው ለዕርቅ ነው ለሠርግ?»

ጉባኤው ሳቀ። እመት ዘርፌ አልሳቁም።

«ጉልላት፣ ልጄ ምን ብላ ነው የሰደበችው? እስቲ ንገረኝ፤ እኔ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም።»

ጉልላት አፉን ከፈተ። ሺህ መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ተጋፋ፤ አንዱም አልወጣ። ፊቱ ከመቀመጫው ይልቅ ቀላ። ጠጠሯን ጣለና ወፍጮ የሚያህል ቋጥኝ ፈንቅሎ ጫንቃው ላይ አወጣ። አቀርቅሮም ቆመ።

«ተናገር እንጂ!» ብሎ አገሳ አንበሳው። «እራቴ ነህ ብዬሃለሁ!»

ጉልላት ቋጥኙን ጫንቃው ላይ አመቻቸ እንጂ «ጌታዬ» እንኳ አላለም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ላቡ ኩሬ ሠርቶ እንቁራሪት ገባበት።

በመጨረሻ እመት ዘርፌ ጠጋ ብለው፣ «አውርድ፣ ልጄ» አሉት።

አወረደ። ቀንዳሙ ሁሉ ከብቦ መሀል አስገባው። ቋጥኙ ሜዳው ላይ ቀረ፤ ዓይን ሁሉ ወደ አንበሳው ዞረ።

አንበሳው ደመናውን አየ፤ ጥፍሩን አየ። ቋጥኙን ላለማየት አንገቱን ሲያዞር፣ ሲያዞር፣ የገዛ ጅራቱን አየ።

ከወንዙ ዳር፣ የመጀመሪያው ኮቴ ውሃ ውስጥ ሲገባ ተሰማ።