ከቀዩ ግላስ ሥር

አንድ ጊዜ፣ አያ ጅቦ «ፈረስ ካልኖረኝ ሞቼ እገኛለሁ» ብሎ አገር ባስቸገረ ጊዜ፣ ንጉሡ አንበሳ ጩኸቱ ሰለቸውና አንዲት ባዝራ ሰጠው። ባዝራ ማለት እንስት ፈረስ ናት። ይህችኛዋ ቀላ ያለች ዳማ ነበረች፤ ደረቷ ሰፊ፣ እግሯ ቀጥ ያለ፣ በሩጫ የሚቀድማት የሌለ። እንዲህ ያለችው ለጅብ ትሰጣለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። እሷንም ትወጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም።

ከእሷ ጋር ሙሉ ዕቃዋ ተሰጠ። ልጓሙ፣ እርካቡ፣ የእንጨት ኮርቻው፣ ኮርቻውን በሆዷ ሥር ዞሮ የሚያስረው ወፍራም ጠፍር፣ ከሁሉም በላይ የሚጣለው የጌጥ ጨርቅ፣ ቀይ ግላስ፤ አንድም አልጎደለም። አገር የሚያየውና የሚያደንቀው ግላሱን ነበር። ለባዝራዋ የሚጠቅማት ግን ማንም የማያየው ድልዳል ነው፤ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፍ፣ ጀርባዋን ከእንጨቱ የሚጠብቅ የቆዳ ትራስ። ውስጡ የበግ ፀጉር ታጭቆበታል፤ ዙሪያውን አረንጓዴ የሱፍ ዘርፍ ተሰፍቶለታል። ቆዳው እንዳይደርቅ ድልዳሉም ጠፍሩም በሞራ ታሽተዋል። ለጅብ ሞራ የታሸ ቆዳ አደራ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሹም አንዱ እንኳ ቆም ብሎ አላሰበም።

አንበሳ ዕቃውን ሲያስረክብ ሕጉን ተናገረ።

«ጀርባዋ ኮርቻ እስከቻለ ድረስ አትበላም። ጀርባዋ ተልጦ ገጣባ ከሆነች ግን ለባለቤቷ ሥጋ ናት። ጋላቢዋን ሆን ብላ ከጣለችም እንደዚሁ።»

ሕጉን ያወጡት ሥጋ በሎች ነበሩ። ሣር በሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ባዝራዋ ግን አንገቷን አልደፋችም፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ቆመች። በዚያ አገር ደግሞ ሌላ ልማድ አለ፤ የሌላውን ፈረስ ግላስ ገልጦ ማየት ነውር ነው፣ የባለቤቱን ጓዳ እንደመበርበር ይቆጠራል።

አያ ጅቦ የመጀመሪያውን ሰሞን በግልቢያ አሳለፈው። የኋላ እግሩ አጭር ስለሆነ እርካቡ አይደርስለትም፤ ሲወጣ በጋማዋ ተንጠልጥሎ፣ ሲወርድ ተንከባሎ ነው። ይህን ችላው ኖረች። አንድ ቀን በቀትር ግን ከዋርካ ሥር አስሯት ከእመት ቀበሮ ጋር ወሬ ያዘ።

«እመት ቀበሮ፣ እኔ እኮ ሥጋ ላይ ተቀምጬ ጦሜን እውላለሁ» አለ። «ይሄ ምን ዓይነት ሹመት ነው?»

«ሞኝ ስለሆንክ ነዋ» አለች ቀበሮ። «አትብላ የተባልከው እሷን ነው። ድልዳሉን አትብላ ያለህ አለ?»

ጅብ አፉን ከፍቶ አያት።

«ድልዳሉን አንተ ስትበላው ጀርባዋን እንጨቱ ይበላዋል» አለች ቀስ አድርጋ፣ እንዲገባው። «ጀርባዋ ሲላጥ ገጣባ ናት። ገጣባ ስትሆን ሕጉ ራሱ ያቀርብልሃል። ግላሱን ሳታወልቅ ዋል፤ የሚገልጠው የለም። እኔ ለምክሬ ጉበቷን ብቻ።»

ይህ ሁሉ ሲባል ባዝራዋ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ቆማለች። ልጓም አፏ ውስጥ ስለሆነ ቀበሮ እንደ ዕቃ ቆጠረቻትና ድምጿን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። ባዝራዋን ከነገሩ ይልቅ ይሄ አንገበገባት። ጉበቷን እየሰማች ተካፈሉት።

አያ ጅቦም ለመብላት ምክር ሁለት ጊዜ አይነገረውም። በዚያው ቀን ድልዳሉን ከነዘርፉ በላው። ከዚያ ወዲያ ኮርቻው ባዶ ጀርባዋ ላይ ይጫናል። በመጀመሪያ ፀጉሯ ሄደ፣ ቀጥሎ ቆዳዋ ተላጠ፣ ውሎ አድሮ ቁስሉ አመረቀዘ።

«አያ ጅቦ፣ ጀርባዬ ተልጧል» አለችው አንድ ጠዋት።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለና ወጣባት።

ገበያ ሲወጡ አገሬው ሁሉ ዙሪያዋን ይከባል። ጦጣ «ቀዩ እንዴት ያምራል» ትላለች። ከርከሮ «እንዲህ አድርጎ ፈረስ የያዘ የለም» ይላል። ዝንቡ በግላሱ ጠርዝ ሥር እየገባ ሲወጣ ሁሉም ያያል፤ ሽታውም ያፍናል። አፍንጫቸውን ዘወር አድርገው ግላሱን ያደንቃሉ። ባዝራዋ ጥርሷን ነክሳ ትቆማለች። ከቁስሉ ይልቅ ሙገሳው ያቃጥላት ጀመር።

አንድ ቀን አንበሳ ዘንድ ጅብን ተሸክማ እንደቆመች ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ግላሱን ግለጥና ጀርባዬን እይልኝ።»

አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ። «ልግለጥ?»

«ጌታዬ፣ ምን በደልኩና ልዋረድ?» አለ ጅብ፣ ሙገሳውን ገና ስላልጠገበው። «ጓዳዬ እኮ ነው።»

«እውነቱን ነው» አለ አንበሳ። «ነውር ነው። ደግሞ እንዲህ አሸብርቀሽ ምን ጎደለኝ ትያለሽ?»

ባዝራዋ ፊቷን አዙራ ወጣች። እንዲህ ላለ ዳኛ ብትመልስለትስ ምን ይገባዋል?

ጅብ ለጥ ብሎ ሲተኛ አህይት፣ እንስቷ አህያ፣ መጣች። አህይት የጨው ጭነት ስትሸከም የኖረች ናት፤ ገጣባ ምን እንደሆነ ሽታው ይነግራታል።

«እህቴ፣ ጣይው» አለቻት። «ገደል አፋፍ ወስደሽ ጣይው።»

«ብጥለው ሕጉ ዛሬውኑ ያስበላኛል።»

«ዝም ብትይስ?»

«ዝም ብልም ይበላኛል። የጉግስ ቀን ሜዳ ላይ ለአንበሳ ገጣባ ናት ብሎ ሊያሳየኝ ነው። ከቀበሮ ጋር እንደገና ሲማከሩ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

ባዝራዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከሆዷ ሥር ያለውን ጠፍር አሳየቻት። አያ ጅቦ ድልዳሉን ጨርሶ አላቆመም። ሞራ የታሸውን ጠፍር ሥራ በፈታ ቁጥር ሲግጠው ኖሮ፣ መሐሉ ላይ እንደ ጫማ ማሰሪያ ሳስቷል። እሱ ራሱ የሚቀመጥበትን ኮርቻ የያዘው ያ ጠፍር ነው። ይህን ግን አላሰበውም፤ ጅብ ነዋ።

«ከጉግሱ ቀን አትቅሪ» አለች ባዝራዋ። «አፍሽን ሳይሆን ዓይንሽን ይዘሽ ነይ።»

የጉግሱ ቀን ሜዳው ሞላ። አንበሳ ከጉብታው ላይ ተቀመጠ፤ ሹማምንቱ ዙሪያውን ያዙ። አያ ጅቦ በቀይ ግላስ ላይ ተኮፍሶ ብቅ ሲል እልልታው ቀለጠ። ሐሳቡ መጀመሪያ ሊጋልብ፣ አገር ሊያየው፣ ከዚያ ወርዶ «ጌታዬ፣ ምስኪኗ ገጣባ ሆናብኛለች» ሊል ነው። ሙገሳውንም ሥጋውንም በአንድ ቀን ሊበላ ፈልጓል። ፊቱ ሁሉ ፈገግታ ነበር።

ባዝራዋ ከአንበሳ ፊት ስትደርስ ቆመች። ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ ተናገረች።

«አያ ጅቦ፣ ጠፍሩ ሳስቷል። አታስጋልበኝ። ውረድና እየው።»

እመት ቀበሮ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ወደ ጠፍሩ ወረወረች። አየችው። ከዚያ ከጅብ አጠገብ ቀስ ብላ ሸሽታ አንበሳ ጎን ሄዳ ቆመች።

ጅብ ወርዶ ጠፍሩን ካሳየ የጥርሱ ምልክት ሊታወቅበት ነው። ያ ትንሽ ታየው። ስለዚህ ደረቱን ነፋ።

«የእኔ ዕቃ አይሳሳም። ሰነፍ ሁላ! ጋልቢ ብዬሻለሁ፣ ጋልቢ።»

«ሰምታችኋል» አለች ባዝራዋ ወደ ሜዳው ዞራ። ከዚያም ታዘዘች። የታዘዘችውን ብቻ፣ ግን በሙሉ ጉልበቷ። ስንት ጊዜ የዋጠችው ንዴት ሁሉ እግሯ ላይ ወረደ። ቁስሏ ላይ እንጨቱ ሲመታት አልቀዘቀዘችም። አልዘለለችም፣ አልተራገጠችም፣ ወደ ጎን አላለችም፤ ቀጥ ብላ በረረች። ጅብ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጋማዋን ያዘ፣ ቀጥሎ እናቱን ጠራ። ሜዳው መሐል ሲደርሱ ጠፍሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ኮርቻው ዞረ፤ ጅብ፣ ኮርቻና ቀይ ግላስ አንድ ላይ አቧራ ላይ ተከመሩ።

ባዝራዋ ዞራ ወደ አንበሳ ተመለሰች። ጀርባዋ ተገልጧል። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ሥጋው ቀልቷል፣ ዝንብ ይርመሰመስበታል። እልልታው ቆመ።

አያ ጅቦ እያነከሰ ደረሰ። «ጣለችኝ! ሆን ብላ ነው። ደግሞም ገጣባ ናት፣ እዩዋት። በሁለቱም በኩል ሥጋዬ ናት።»

«ጠፍሩን አምጡልኝ» አለ አንበሳ።

አህይት በአፏ ይዛ አመጣችው። ጠፍሩ ዳር እስከ ዳር ተግጧል።

«አይጥ ነው» አለ ጅብ።

«ድልዳሉስ የት አለ?»

«አይጥ ነው አልኩ እኮ፣ ጌታዬ።» አፉን አስፍቶ ነበር የተናገረው። አንበሳ ዝቅ ብሎ ጥርሱን አየ።

«በክራንቻህ መሐል ያለው አረንጓዴ ነገር ምንድን ነው?»

ጅብ ትንሽ አሰበ። «ሣር ነው» አለ።

«አያ ጅቦ» አለች አህይት፣ «አንተ ሣር መብላት ከጀመርክ እኛ ምን ልንበላ ነው?»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም ቀድማ «ሌባ! እኔ ድሮም ብያለሁ» ብላ የጮኸችው ማን እንደሆነች አትጠይቁኝ። እመት ቀበሮ ናት።

«አንቺ አይደለሽ ብላ ያልሽኝ?» አለ ጅብ ክው ብሎ።

«ጉበቴን ለምክሯ ጠይቃለች» አለች ባዝራዋ። «ከፊቴ ነው የተካፈሉኝ።» እሷ አልሳቀችም። ሳቁ ራሱ አናደዳት። ቅድም እልል ያሉለት፣ አሁን የሚስቁበት፣ ሁለቱንም ጊዜ ጀርባዋን ያላዩት እነሱው ናቸው።

አንበሳ ወዲያው ፈረደ፤ ገጣባ ያደረጋትም ጠፍሩን የጨረሰውም ራሱ ባለቤቷ ስለሆነ ሕጉ አይሠራለትም አለ። የባዝራዋ ቁስል እስኪደርቅ ድረስ ጅብ ኮርቻውን ያለድልዳል በገዛ ጀርባው ይሸከም፣ ቀበሮ ለቁስሉ ማጠቢያ ከምንጭ ውኃ ታመላልስ፣ ባዝራዋም ከዛሬ ጀምሮ የማንም አትሁን አለ። ከዚያ ድምጹን አለስልሶ «በቃሽ? ደስ አለሽ?» አላት።

«አላለኝም» አለች። «ጌታዬ፣ እሱ ጅብ ነው፤ ቆዳ አየ፣ በላ። አንተን ግን ግለጥልኝ ብዬህ ነበር። አሸብርቀሽ ምን ጎደለሽ ብለህ መለስከኝ። ዝንቡን አይተሃል። ይሄ ሁሉ ሕዝብ አይቷል። ጅብ ድልዳሌን ብቻውን በላው፤ ጀርባዬን ግን ሁላችሁ ናችሁ የበላችሁት።»

አንበሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሰበረ። ጦጣም ከርከሮም መሬት መሬት አዩ።

ቀዩ ግላስ ሜዳው ላይ ተጥሎ ነበር፤ ባዝራዋ ረግጣው አለፈች። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ አገር ፈረስ ገበያ ሲወጣ መጀመሪያ ግላሱ ይገለጣል፣ ጀርባው ይታያል፣ ሙገሳው ከዚያ በኋላ ነው፤ ገልጦ ማየትም ነውር መሆኑ ቀረ።

ከዚህ የምንማረው፣ የተበደለ «ግለጥና እይልኝ» እያለ ሲለምን ነውር ነው ብሎ የላዩን ጌጥ የሚያደንቅ ሁሉ ከበዳዩ ጋር አብሮ እንደበደለ ነው።