የአያ ጅቦን ጥርሶች ማን ያስታርቃቸው?

ተረት አለኝ። ንገሪን ካላችሁኝ ቅረቡ፤ ባትሉኝም እናገራለሁ።

ድሮ፣ አያ ጅቦ የሚባል ደግ ባል ነበር። ቀን ቀን ድምፁ አይሰማም። ሲተኛ ግን ጥርሱን ያፋጫል፤ ቅርጭጭ! ቅርጭጭ! ሚስቱ እመት ጅቢት ጆሮዋን ይዛ ታነጋለች። አንድ ጠዋት መረራት።

«አያ ጅቦ፣ እወድሃለሁ፤ እንቅልፍም እወዳለሁ። መላ ካላገኘህ እናቴ ዋሻ እሄዳለሁ» አለችው።

አያ ጅቦ ሆዱ ባባ። ያለ እሷ ኑሮ ምን ኑሮ ነው! ወዲያው ጥርሶቹን ለምን እንደሚፋጩ ጠየቃቸው።

«የላዩ ይጫነኛል!» አለ የታች ጥርስ።

«የታቹ ይገፋኛል!» አለ የላይ ጥርስ።

«ጠብ ከሆነማ ሽማግሌ ይግባበት፤ ማታ ማታ መካከላችሁ ይቀመጥ» አለ አያ ጅቦ።

መጀመሪያ ድንጋይ መጣ። «እኔ ጽኑ ነኝ፤ ዝም በሉ ካልኩ ዝም ነው!» አለ። ጥርሶቹ ቢነክሱት ንቅንቅ አላለም። ሲነጋ የአንዱ ጥርስ ጫፍ ተሸርፎ ተገኘ።

«ይሄ አስታራቂ ነው ደብዳቢ?» ብላ እመት ጅቢት ራሷ አባረረችው።

ቀጥሎ አጥንት መጣ። «የጥርስ ዘመድ ነኝ፤ መልካችንም አንድ ነው» አለ። አያ ጅቦ በጣም ደስ አለው። ደስታው በዛ እንጂ! ሲነጋ አጥንት የለም።

«ሽማግሌውን በላኸው?» አለችው ሚስቱ።

«በሕልሜ መስሎኝ!» አለ አፉን እየላሰ።

እመት ጅቢት ሳቀች። ስቃ ስታበቃ ግን መኝታ ቁርበቷን ጠቅልላ ደጃፍ አቆመችው።

በመጨረሻ ንቦች ከተዉት ቀፎ ሰም መጣ።

«አንተ ስስ! ምን ልትሆን መጣህ?» አለው አያ ጅቦ።

«በትንፋሽህ አሙቀኝ፤ ከዚያ ጥርሶችህ በደላቸውን ይንገሩኝ» አለ ሰም።

አያ ጅቦ እፍ እፍ አለበት። የላይ ጥርስ ተጭኖ በደሉን ዘረገፈ፤ ሰም ዝቅ አለለት። የታች ጥርስም ገፍቶ በደሉን ዘረገፈ፤ ሰም ገባ አለለት። ለእያንዳንዳቸው በልካቸው ማረፊያ ሆነላቸው።

«አንተ እዚህ እረፍ፤ አንተም እዚያ እረፍ። ቂም ያለው ከእኔ ጋር ይነጋገር» አላቸው።

ያን ሌሊት ዋሻው ጭጭ አለ። እመት ጅቢት ጸጥታው አስደነገጣት፤ ባሏ የሞተ መስሏት ደረቱ ላይ ጆሮዋን አኖረች። ደህና ይተነፍሳል። «የኔ ጌታ!» አለችና ቁርበቷን ከጎኑ ዘርግታ ፀሐይ እስኪሞቅ ተኛች።

ጠዋት ሰም የጥርስ ምልክት በምልክት ሆኖ ወጣ።

«ውይ፣ ጎዱህ?» አለችው አዝናለት።

«ምን ላድርግ እመት ጅቢት፤ አስታራቂ የሁለቱንም ወገን ንክሻ ካልቻለ ምኑን አስታራቂ ሆነ?» አላት።

ልጆቼ፣ እናንተም ለተጣላ ሽማግሌ ስትመርጡ፣ የጠነከረውን ትታችሁ የሚችለውን ጥሩ። ተረቴ አለቀ፤ በሉ ጥርሳችሁን አሳርፋችሁ ተኙ።