ፍየልና አህያ በአንድ ገመድ

ተረቴን ላምጣ፣ ጆሯችሁን አምጡ።

ፍየልና አህያ በረዶ ከማይለየው ተራራ ጫፍ ሊወጡ ተነሡ። አንዷን ቢያዳልጣት ሌላዋ እንድትይዛት ወገብ ለወገብ በረጅም ገመድ ተሳሰሩ።

ፍየልን የአህያ ዝግታ አንገበገባት። «አንቺ አህያ፣ እንዲህ እየተጎተትን መቼ ልንደርስ ነው?» አለች።

«ቀስ በይ እቴ፣ መውረድም አለ» አለቻት አህያ።

ፍየል መውረድን ምን ቆጥራው! አህያ አረፍ ብላ ስታንቀላፋ፣ ገመዱን ከአህያ ወገብ ሥር በጥርሷ በጠሰችው። ርቧትም ስለነበር በልታ ድራሹን አጠፋችው። ከዚያ እየዘለለች ጫፉ ላይ ወጣች።

ቁልቁል ስታይ ግን በረዶው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።

«እትዬ አህያ፣ እባክዎ ገመዱን ይወርውሩልኝ!» ብላ ጮኸች።

አህያ ወገቧ ላይ የቀረችውን ቁራጭ አየቻት።

«የኔስ ቋጠሮው ብቻ ነው፤ ሌላው ሆድሽ ውስጥ ነው» አለቻት።

ተረቴን መልሱ፤ እናንተን በደህና ያውርዳችሁ።