ድንጋይ የተሸከመው እንግዳ

አንድ ደርበው የሚባል የብረታ ብረት ነጋዴ ነበር። ስለ ልጅነቱ ብዙ አይናገርም። አባቱ ሲሞቱ ታላቅ ወንድሙ አስናቀ የቤታቸውን በር ዘግቶበት፣ አውቶቡስ ተራ በረንዳ ላይ እንዳደገ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። በረንዳ ላይ የሚተኛ ልጅ ድንጋይ ይንተራሳል። ድንጋዩ ትራስም ነው፣ መሣሪያም ነው። ደርበው ከሰው ፊት አስቀድሞ የሰው እጅ ማየትን የተማረው እዚያ ነው።

ጊዜ አለፈ። ሠርቶ ቤት ሠራ፣ ትዳር ያዘ፣ ልጆች ወለደ። በሰፈሩ ሌባ ገባ በተባለ ሰሞን የጥበቃ ካሜራ የሚገጥም ባለሙያ ጠራ። ባለሙያው ግቢውን ዞሮ አየና፣ "ጋሼ፣ ይህን ቤት ሦስት ይበቃዋል" አለ።

"ስድስት ግጠም።"

"ስድስቱን ማን ቁጭ ብሎ ሊያያቸው ነው? ያን ያህል ጊዜ ካለዎትማ ቴሌቪዥን ይሻልዎታል።"

ደርበው አልሳቀም። "ስድስት አልኩህ።"

"እሺ። የበሩን ግን በሰው ቁመት ልክ ላድርገው። ከፍ ካለ አናት እንጂ ፊት አይዝም።"

"ዝቅ ካለ በድንጋይ ይሰብሩታል።"

"ማን ነው የሚሰብረው?"

"እኔ በልጅነቴ ስንት አምፖል ሰብሬያለሁ" አለ ደርበው። "ከፍ አድርገው።"

ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ድምፅም ያስተላልፋል፤ ደርበው ሳሎን ተቀምጦ በስልኩ ሲናገር በር ላይ ይሰማል። ከዚያ ወዲህ ተነሥቶ ወደ በር መሄድ ተወ። ሰው ሲመጣ ስልኩን ያያል። የፈለገውን ያስከፍትለታል፤ ያልፈለገውን ዝም ይለዋል። ባለቤቱ እልፍነሽ፣ "ሰው በር ላይ አቁሞ በስልክ ማየት ነውር ነው" ብትለው፣ "እኔን ነውር አላሳደገኝም" አላት።

አንድ እሑድ ከሰዓት ስልኩ ድምፅ አሰማ። ደርበው አየ። በሩ ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ፊቱ አይታይም። ጫንቃው ላይ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ በሁለት እጁ ደግፎታል። አያንኳኳም፣ አይናገርም፣ አይሄድም።

የደርበው ልብ ባንድ ጊዜ ወደ በረንዳው ተመለሰ። ድንጋይ የያዘ እጅ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

"አንተ ሌባ! ከዚህ ጥፋ! ፖሊስ ጠርቻለሁ!"

ሰውየው ከራሱ በላይ የመጣውን ድምፅ ሰምቶ ደነገጠ። ቀና ሊል ሞከረ፤ ድንጋዩ ከበደው። "እኔ እኮ..." አለ።

"ጥፋ ብያለሁ!"

ሰውየው ድንጋዩን ቀስ ብሎ፣ የሚሰበር ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ በሩ ሥር አኖረው። ከዚያም ሄደ።

"አየሽ?" አላት ደርበው ለእልፍነሽ። "ካሜራው ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?"

ብዙም ሳይቆይ በሩ በከዘራ ተደበደበ። "ደርበው! በግድግዳ እንዳታናግረኝ፤ ወጥተህ አናግረኝ!" የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወርቅነህ ነበሩ። ደርበው ወጣ።

"ምነው ልጄ? ይቅርታ ሊለምን የመጣን ሰው ሌባ ብለህ ታባርራለህ?"

"የምን ይቅርታ? ድንጋይ ይዞ የመጣ ሰው ነው።"

ሽማግሌው ድንጋዩን በከዘራቸው ነኩት። "በእጁ የያዘና በጫንቃው የተሸከመ አንድ ሆነብህ? 'አጥፍቻለሁ፣ ማረኝ' የሚል ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚቀርብ ጠፍቶህ ነው? ወንድምህ አስናቀ ነው። ታሟል። ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጡትም። ሳልታረቀው አልሞትም ብሎ ለመነኝ፣ ይዤው መጣሁ። 'በሽማግሌ ላስገድደው አልሻም፤ መጀመሪያ ብቻዬን ልቁም' ስላለኝ መንገዱ ጥግ ቀረሁ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ! ቀድሜው መግባት ነበረብኝ።"

ደርበው ድንጋዩን አየው። ሥርዓቱ አልጠፋውም፤ ሌሎች ሲታረቁ አይቷል። በራሱ በር ይመጣል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። አውቶቡስ ተራ ሳለ ከየመንገዱ የሚመጣውን ሰው ሁሉ "ወንድም ጋሼ ይሆን?" እያለ ይመለከት እንደነበር ለማንም አልተናገረም። አሁንም አልተናገረም።

"የት ነው ያለው?" አለ ብቻ።

"የት ይሄዳል? አባታችሁ ቤት።"

ደርበው ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አወጣው።

"ኧረ መኪና አለህ!"

"በእግሬ እሄዳለሁ።"

ድንጋዩ ለጤነኛም ከባድ ነበር። የታመመ ሰው እንዴት እንደተሸከመው እያሰበ ሄደ። መንገደኛው ቆሞ ያየዋል፤ እሱ ማንንም አላየም። ሽማግሌው ከኋላው ተከተሉት።

የአባቱ ቤት በር ገርበብ ብሎ ነበር።

"ማነው?" አለ ከውስጥ የደከመ ድምፅ።

"እኔ ነኝ፣ ወንድም ጋሼ።"

አስናቀ ግድግዳ ይዞ ወጣ። ጎንበስ ብሎ የቆመውን አየ። "ደርበው፣ ድንጋዩ እኮ የኔ ነው" አለ። "አንተ ምን አጥፍተህ ነው የምትሸከመው?"

"ሌባ አልኩህ።"

"እኔ ደግሞ በር ዘጋሁብህ።"

አስናቀ የድንጋዩን አንድ ጫፍ ያዘ፤ ሁለቱ ተጋግዘው አወረዱት። "ይቅር ለእግዚአብሔር" ሲባል ማን እንደቀደመ፣ አጠገባቸው የቆሙት ጋሽ ወርቅነህ እንኳ አልለዩም።

ቤትን መጠበቅ ነውር አይደለም። ካሜራውም አልበደለም። ካሜራ የመጣውን ያሳያል፤ የመጣበትን ጉዳይ ግን አይነግርም። ያንን የሚሞላው የተመልካቹ ልብ ነው። በክፉ ቀን ያዳነን ፍርሃት ክፉው ቀን ካለፈ በኋላም በራችን ላይ ዘበኛ ሆኖ ይቀራል፤ ሌባውንም ታራቂውንም ሳይለይ ይመልሳል።

እርስዎስ፣ በሩቁ አይተው የመለሱት ሰው ምን ተሸክሞ ነበር?