የሚፈስ ቅቤ

አንዲት ባላገር ለፊታውራሪ ወንድይራድ ለጋ ቅቤ በቅል ይዛ በጠራራ ፀሐይ ቆላ ወረደች። ቅሉን ስትከፍተው ቅቤው ቀልጦ እንደ ውሃ ይንቦጫረቃል። በሹማምንት ተከበው ዳስ ውስጥ የተቀመጡት ፊታውራሪ በቁጣ ገነፈሉ።

«እኔ ያዘዝኩሽ ቅቤ ነው! እስከ ነገ ካላመጣሽ ላምሽ ትነዳለች።»

«ጌታዬ፣ ፀሐይ አቀለጠው እንጂ ያው ቅቤ ነው። ሲበርደው ይረጋል።»

«አትከራከሪኝ! የሚፈስ ነገር ቅቤ አይደለም ብያለሁ!»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ጠዋት አናታቸው ላይ የተደረገላቸው ቅቤ በጆሮ ግንዳቸው እየወረደ አንገታቸው ላይ ይንቆረቆራል።

«እንግዲያው ላሜን ያስነዱ» አለች። «መጀመሪያ ግን ወጌሻ ያስጠሩ፤ ይህ በአንገትዎ የሚወርደው ቅቤ ካልሆነ፣ እየቀለጠ ያለው አናትዎ ነው።»