አህያና ዳገት የማይወጣው ቀይ መኪና

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት በእግር መሄድ ሰልችቷቸው መኪና መግዛት በጀመሩበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ነበረች። ገበያ ለመሄድ ጅብ የሚኖርበትን ሸለቆ ማቋረጥ ነበረባት። ባለፈው ክረምት እህቷ በዚያ ሄዳ አልተመለሰችም። ስለዚህ አህያ ለዓመታት ባጠራቀመችው ገብስ መኪና ልትገዛ ቆረጠች።

የመኪና ደላላው ቀበሮ ነበር። ይህን እንደሰማ ጅብ ዘንድ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ዳገት የማይወጣ ቀይ መኪና አለኝ። ለአህያ እሸጥላታለሁ። ሸለቆው ውስጥ ሲቆም፣ ውስጥ ያለውን ብላ። ገብሱ ለእኔ፣ ሥጋው ለአንተ።»

«ሲቆም፣ ውስጥ ያለውን እበላለሁ» አለ ጅብ። እንዳይረሳው ሦስት ጊዜ ደገመው።

አህያ ግን ቀበሮ ዘንድ ከመሄዷ በፊት ሦስት ቀን ስታጠያይቅ ሰነበተች። ቀዩን መኪና ቀድሞ ይነዳው የነበረው ፍየል ነበር።

«እንዴት ነው መኪናው?» አለችው።

«ሜዳ ላይ ጎበዝ ነው። ዳገት ላይ ግን የምገፋው እኔ ነበርኩ።»

«ቀበሮ ሌላስ የሚሸጥ አለው?»

«ከጓሮ የቆመች ግራጫ አለችው። መልክ የላትም፤ ትሄዳለች።»

በማግስቱ ቀበሮ ቀዩን መኪና ወልውሎ ጠበቃት።

«እመት አህያ፣ ይህ መኪና አይደለም፣ ንስር ነው! አርባ ኩንታል ገብስ ብቻ። ፍጠኚ፣ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው።»

«ይምጣ» አለች አህያ። «እኔ መጀመሪያ የሸለቆውን ዳገት ሲወጣ ልየው።»

«እንግዲያው ግቢና ንጂው!»

«መኪናው ያንተ ነው፤ አንተ ንዳው። እኔ ከወዲህ ሆኜ አያለሁ።»

ቀበሮ አሰበ። ጅብ ወዳጁ ነው፤ መኪናው ቢቆምም ለአህያ የሚነግራት ሰበብ አያጣም። ገብቶ ነዳ።

መኪናው ቁልቁለቱን በደስታ ወረደ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሁለት ጊዜ አስሎ ቆመ። ጅብ ከቁጥቋጦ ወጥቶ በሩን ከፈተና ቀበሮን ጅራቱን ያዘው።

«እኔ ነኝ! ቀበሮ ነኝ!»

«አውቄሃለሁ» አለ ጅብ አፉ እንደሞላ። «ግን ውስጥ ያለኸው አንተ ነህ።»

ቀበሮ ጅራቱን ትቶ ነፍሱን አተረፈ።

በሳምንቱ አህያ ተመልሳ መጣች። ቀበሮ በአንድ ጎኑ ዘመም ብሎ ተቀምጧል።

«ቀዩ ዳገት አይወጣም» አለችው።

«አይቻለሁ» አለ ቀበሮ።

«ግራጫዋስ ስንት ነች?»

«ሠላሳ ኩንታል።»

አህያ ፍየልን ጠርታ ግራጫዋን ድንጋይ አስጫነቻትና ዳገቱን ሁለት ጊዜ እንዲያወጣት አደረገች። አንዴም አልቆመችም።

«ሃያ» አለች ያኔ።

ቀበሮ ሊከራከር ብድግ ሲል ቁስሉ ጠዘጠዘው።

«ውሰጃት» አለ።

ጅብ እስከ ዛሬ ቀዩ መኪና አጠገብ ተቀምጦ ሌላ እስኪገባበት ይጠብቃል። አህያ በግራጫዋ ሆና በአጠገቡ ታልፋለች፤ እህቷ ትዝ ስትላት ነዳጁን ትረግጣለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሻጭ አብዝቶ ያመሰገነውን ዕቃ «እስቲ መጀመሪያ አንተ ሞክረው» ማለት ነውር እንዳልሆነ ነው።