እንደ ሰው ለቀበረኝ

በአንድ ወቅት፣ የእድር ጥሩምባ ለሁሉም ሟች በማይነፋበት አንድ ከተማ፣ የዘጠነኛ ክፍል መምህር ተማሪዎቻቸውን «በየሰፈራችሁ ፍትሕ የጎደለበትን ነገር ፈልጉ» ብለው ላኳቸው። መፈለግ እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሦስት ልጆች ወንዝ ዳር ወርደው የሸክላ ሠሪዋን የእማማ እቴነሽን በር አንኳኩ። ደርበው የጥሩምባ ነፊው ልጅ ነው፤ ይታይህ የእድሩ ዳኛ ልጅ፤ ስንዱ ደግሞ የጠላ ሻጭ ልጅ ናት።

«ሠላሳ ዓመት በድስቴ ሲበሉ ኖሩ» አሉ እማማ እቴነሽ። «ቡዳ ነሽ ብለው እድር ግን አላስገቡኝም።» ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ እሳቸውን የሚያስፈራቸው ግን ቀብራቸው ነበር።

«እኛ እንቀብርዎታለን» አሉ ሦስቱም። በአሥራ አምስት ዓመት ቃል መስጠት ቀላል ነው።

ሴትዮዋ ገና ከእሳት የወጣች ድስት አንስተው ለልጃቸው ለዘርፌ ሰጧት። «እንደ ሰው ለቀበረኝ ስጪው» አሏት። በወሩ ሞቱ።

ልጆቹ ሳይነጋ ሬሳውን በጋሪ ቤተ ክርስቲያን አደረሱ። ጎህ ሲቀድ ደርበው የአባቱን ጥሩምባ ሰርቆ ነፋ። ስማቸውን ቢጠራ ማንም እንደማይወጣ ያውቃል። ስለዚህ «ከሩቅ አገር የመጡ እናት አርፈዋል፤ ዘመድ የላቸውም፤ ቅበሩ» ብሎ ለፈፈ። ከተማው ነቅሎ ወጣ። ጎልማሶቹ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ለማያውቋት እንግዳ አለቀሱ። ኋላ ነገሩ ሲታወቅ፣ በዚህ ውሸት የተነሳ የደርበው አባት ጥሩምባውን ተነጠቁ።

ሬሳው ጉድጓድ ሲገባ ስንዱ ቀና ብላ አየች። ዘርፌ እንዳትታወቅ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተደብቃ ነጠላዋን ነክሳለች። ስንዱ አላስቻላትም።

«እንግዳ አይደሉም» አለች። «እማማ እቴነሽ ናቸው። ልጃቸው አጥር ሥር ቆማለች፤ ትምጣና ታልቅስ።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዷ «በእጄ ነክቻት ነበር እኮ» ብላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ቄሱ መሬት መሬት አዩ። የእድሩ ዳኛ «ከዚህ አውጧት» አሉ፤ ሰውም ተበተነ። ደርበውን አባቱ፣ ስንዱን እናቷ እየጎተቱ ወሰዷቸው። ዘርፌ ግን በዚያ ባዶ ግቢ እናቷን በስማቸው እየጠራች ጮኻ አለቀሰች። ስንዱን ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚላት የለም።

ይታይህ ቀረ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፤ ሬሳው ጉድጓድ ውስጥ አፈር ሳይለብስ ተኝቷል። አባቱ ዘንድ ሄዶ «ልቅበራቸው» እያለ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ከአጥሩ ውጭ ቅበራት» አሉ ዳኛው። «ከእንግዲህ ግን የእነሱን ቤት እንዳትረግጥ።»

ይታይህ ማለ። እማማ እቴነሽን በገዛ እጁ አውጥቶ፣ ከአጥሩ ውጭ ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ብቻውን ቆፍሮ ቀበራቸው። ከእሱ በቀር አንድ አካፋ አፈር የመለሰላቸው አልነበረም። መሐላውንም ጠበቀ፤ ዛሬ ዘርፌን መንገድ ላይ ሲያያት ፊቱን ያዞራል።

በአርባው ዘርፌ ድስቷን ፊቷ አስቀምጣ ተቀመጠች። አንዱ ቀባሪ አምጥቶላት እናቷን ባዕድ አደረጋቸው። አንዷ ስማቸውን መለሰችላቸው፣ ቀባሪውን ግን በተነች። አንዱ አፈር አለበሳቸው፤ እሱም እንደተባለው ከአጥር ውጭ። ደርበውና ስንዱ መጥተው ነበር፤ ሁለቱም «ለእኔ አይገባም» ብለው ተመለሱ። ይታይህ አልመጣም። ድስቷ እስከ ዛሬ ወጥ አልተሠራባትም።

እኔ መልሱን አላውቀውም፤ ባውቀውም የሚጠቅማት አይመስለኝም። እናንተ ግን ማታ ራት ቀርቦላችሁ፣ ወጡ የተሠራበትን ድስት የማን እጅ እንደሠራው እያሰባችሁ ንገሩኝ፦ ዘርፌ ለማን ትስጥ?